ትንሽ ያመማቸው እናት

አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ብዙ ስላልቆየሁ የማውቀውን ሁሉ ለመናገር እቸኩላለሁ። ከሁሉ በላይ የምወደው የሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን መለየት ነው። ተማሪ ሁለት ቃል አይቶ «ቲቸር፣ ሁለቱም አንድ ናቸው አይደል?» ሲለኝ ቀኔ ይበራል። አንድ አይደሉም። አንድ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሥራ ፈት ሆኖ ከቋንቋው ይባረር ነበር።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነጭ ሰሌዳ አለ። ግማሹን ርዕሰ መምህራችን ለማስታወቂያ ይጠቀሙበታል። ሌላውን ግማሽ ማንም ሳይሰጠኝ ወሰድኩት። ሰኞ ሰኞ ሁለት ቃል እጽፍበትና ሻይ ለሚጠጣ ሁሉ ልዩነታቸውን አስረዳለሁ። «ሂር» ጆሮ ሳይፈቅድ የሚሰማው ነው፣ «ሊስን» ግን ሰው ፈቅዶ የሚሠራው ሥራ ነው እላለሁ። መምህራኑ እኔን ሂር ያደርጉኛል እንጂ ሊስን አያደርጉኝም። ቅር አይለኝም፤ ልዩነቱን በተግባር እያሳዩ ነው።

የምነግራችሁ ሳምንት ሰኞ የጻፍኳቸው ቃላት «ሹር» እና «ሰርተን» ነበሩ። ሁለቱም እርግጠኛ መሆን ናቸው። እኔ ግን «ሹር» ከሰውየው ልብ የሚመጣ፣ «ሰርተን» ማስረጃ የቆመበት ነው ብዬ አስረዳሁ። ይህን ከልቡ ያዳመጠኝ የሒሳብ መምህሩ ብቻ ነው። እሱ የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ እዚህ አዳማ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን።

«ስለዚህ ሒሳብ ሰርተን ነው፤ የሒሳብ መምህሩ ግን ሹር ነው» አለና ብቻውን ሳቀ።

ዓርብ ጠዋት ደግሞ ክፍል ውስጥ «ስሞል» እና «ሊትል» ላይ ደርሰን ነበር። ሁለቱም ትንሽ ናቸው። «ስሞል» በማስመሪያ የሚለካ ትንሽ ነው፣ «ሊትል» ግን የተናጋሪው ስሜት ያለበት ትንሽ ነው አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና ሊትል ብራዘሯ ከእሷ በቁመት እንደሚበልጥ፣ ስለዚህ ሊትል ሆኖ ስሞል አለመሆን እንደሚቻል ተናገረች። እንዲህ ያለ ምሳሌ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ለሻይ ዕረፍት ስወጣ ደስታ ላይ ነበርኩ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የዚያ የሒሳብ መምህር ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሻሸመኔ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የማውቀው ባለፈው ፋሲካ ጓደኛዬን ተከትዬ እናታቸው ቤት የበላሁ ጊዜ ነው። ከኋላው የጭነት መኪና ይጮሃል፤ መስመሩም ይቆራረጣል።

«እማዬን ትንሽ አሟታል» አለኝ። «ይዘኸው ና። ብቻውን እንዳትልከው።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል እምቢ አለ።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እኔ ግን አስረዳለሁ። ሞት በስልክ አይነገርም። ለባለቤቱ ቀርቶ ለጓደኛው እንኳ በስሙ አይጠራም። የሚደወለው ለሟች ልጅ ሳይሆን አጠገቡ ላለ ሰው ነው፤ የሚባለውም «አሞታል» ነው። ልጁን ሰው ከብቦት ይወስደዋል፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ያውቃል። እንግዲህ ተደውሎ የነበረው ለእኔ ነው፤ የተባለው አሟታል ነው፤ ብቻውን እንዳይመጣም ተብሏል። አንዱም የጎደለ የለም።

የሄድኩት ወደ አማርኛ መምህርቷ ነው። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ለቅሶ የሚያደራጁትም፣ መዋጮ የሚሰበስቡትም፣ ሰው መቼ ማልቀስ እንደሚጀምር የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«ትንሽ አለህ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ትንሽ አለኝ።»

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በቃ። ሞተዋል።»

«እትዬ፣ አሟታል ነው እኮ ያለው።»

«አሟታል ቢልማ ታመው ነው። ትንሽ ነው እንጂ ያለህ።»

ሙግቱ ቀዳዳ አልነበረውም። በጣም ታማለች ቢል እናትየዋ በሕይወት ይኖሩ ነበር። የገደላቸው ትንሽ የሚለው ቃል ነው። ለማጣራት እንደገና ልደውል ብዬ ስልኬን ሳወጣ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠየቁኝ። ሞተዋል ወይ ልል ነው? ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ጓደኛዬ ከክፍል ሲወጣ፣ እትዬ ቀድመው የነገሯቸው ርዕሰ መምህር ቢሯቸው አስገቡት፤ እኛም ተከትለን ገባን። ራሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው የራሳቸውን ወንበር ሰጡት። በትምህርት ቤታችን ታሪክ በዚያ ወንበር የተቀመጠ መምህር የለም። እናቱን ትንሽ እንዳመማቸውና ባልደረቦቹ አብረውት ሄደው ሊጠይቋቸው እንደፈለጉ ነገሩት።

«አዎ፣ ረቡዕ ደውዬላት ነበር» አለ። «ጉሮሮዋን ነው። ብርድ መታኝ ብላኛለች።»

ሁላችንም ወደ መሬት አየን። በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ ትክክለኛውን መረጃ የያዘው እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም አዘንለት።

ከትናንት ማታ ጀምሮ ሰፈራችን መብራት ስላልነበረ የእሱ ስልክ ባትሪው አልቆ ተዘግቷል። ልደውልላት ብሎ ስልክ ሲለምን ሁሉም ሰው ካርዱ አልቆ ወይም ኔትወርኩ ጠፍቶ ተገኘ። እትዬ ዞረው ነግረው ነበር። ሚኒባሱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆመ፣ ወዲያውም ሞላ። ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ብለው ቀሩ።

«ለጉሮሮ ይህ ሁሉ ሰው?» አለ ጓደኛዬ።

«ሰው ለሰው ነው» አሉት እትዬ።

በአዳማ ሙቀት ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰናል። ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ አድርገው ከላይ ነጠላቸውን እንደ ደህና ቀን አጣፍተዋል፤ የሐዘኑ አለባበስ ሻሸመኔ መግቢያ ላይ እንዲሆን ተነጋግረው ነበር። ሾፌሩ ገና ከአዳማ ስንወጣ አንድ የሞቀ ዘፈን ከፍቶ ነበር። ሞጆ ላይ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየን፤ ኮቱን አየ፣ ቀሚሱን አየ፣ ማንም ሳይለምነው ዘፈኑን አጠፋ። ጓደኛዬ ይህን ልብ አለው። ሚኒባስ ተሳፍሮ ለሚያውቅ ሰው፣ ሾፌር ሳይለመን ዘፈን ማጥፋቱ ከባድ ምልክት ነው።

ቆቃ ላይ ዓሣ የሚሸጡ ልጆች ዓሣቸውን በገመድ አንጠልጥለው ወደ መስኮቱ ሮጡ። ጓደኛዬ እናቱ የቆቃ ዓሣ እንደሚወዱ፣ እሱ ግን ሲሄድ ሁሌ እየረሳ ባዶ እጁን እንደሚደርስ አወራን። ከኋላ ወንበር የባዮሎጂ መምህርቷ አፍንጫዋን መጥረግ ጀመረች። ዓለም ጤና ስንደርስ በግልጽ ታለቅስ ነበር። ምን ሆንሽ ሲላት ወደ መስኮቱ አመለከተች። መንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሮ ጭነት ይጠብቃል።

«ሽንኩርቱ ነው» አለች።

ሽንኩርቱ አልተከተፈም። ጓደኛዬ ጆንያውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣ አላወራም።

መቂ ላይ እትዬ መኪናውን አስቆሙ። ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ስለማይሄድ፣ እንዳይጠረጥር ብርቱካን መግዛት ነበረብን። ሌሎቹ ዝም ብለው አፍሰው ፌስታል ሲሞሉ ጓደኛዬ ግን እያንዳንዱን ብርቱካን በጣቱ እየተጫነ፣ ለጉሮሮ የሚለሰልሰውን እየመረጠ ቆየ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ከጋሪው ጀርባ ወሰደኝ።

«ወንድሜ ምንድን ነው ያለህ? ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው አድርገህ፣ ቃሉን ራሱን ንገረኝ።»

«‹እማዬን ትንሽ አሟታል› ነው ያለኝ።»

«ሌላስ?»

«‹ይዘኸው ና፤ ብቻውን እንዳትልከው።›»

ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እናቴ አለች?»

«እኔ አላየኋቸውም።»

«ሹር ነህ ወይስ ሰርተን?»

ከሰሌዳዬ የወጣ ቃል ማንም በቦታው ተጠቅሞበት አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

«ሰርተን አይደለሁም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የመጀመሪያውን ቃል ለምን እንደተውኩት የሒሳብ ሰው ይገባዋል። ወደ መኪናው ተመልሶ ብርቱካኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዝዋይን፣ የቡልቡላን ሜዳ፣ የላንጋኖን ዳርቻ ሁሉ ስናልፍ ፌስታሉን አልለቀቀም። አንዱ መምህር ልያዝልህ ቢለው እምቢ አለ።

እኔ ደግሞ መስኮቱን ተደግፌ ማስረጃዬን መመርመር ጀመርኩ። በእጄ ያለው የተቆራረጠ የስልክ ጥሪና አንድ ቃል ነው። ሁላችንም ሹር ነን፤ ሰርተን የሆነ አንድም የለም። አርሲ ነገሌ ላይ ወደ እትዬ ጎንበስ ብዬ፣ ምናልባት እናትየዋን የእውነት አሟቸው ቢሆንስ ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ሐዘን እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ውሃ እንድጠጣ ነገሩኝ።

ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ሴቶቹ እንደተነጋገሩት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጓደኛዬ ይህን አየ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነገር አልቀረም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ወደ ቤታቸው የሚወስደው ቅያስ ውስጥ ስንገባ ድንኳን አልነበረም። እትዬ ገና አልተከሉም ማለት ነው አሉ። አግዳሚ ወንበርም፣ ተሰብስቦ የቆመ ሰውም አልነበረም። ቀብሩ ነገ ይሆናላ አሉ። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ቲማቲም ደርድራ ከደንበኛዋ ጋር ትስቃለች። ይህን ግን እትዬም አላብራሩትም።

ለቅሶ ወደ ቤት ከመግባት በፊት ይጀመራል፤ ደንቡ ነው። የባዮሎጂ መምህርቷ ከሁሉ ቀድማ ወርዳ ድምፅ አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ድምፅዋ ይህን ያህል መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ ከመኪናው ሲወርድ እኔና የስፖርት መምህሩ በሁለት ጎን ያዝነው። ፌስታሉ ከእጁ ወደቀ፣ ብርቱካኑ በአቧራው ላይ ተንከባለለ።

ያን ጊዜ የቆርቆሮው በር ተከፈተና እናቱ ወጡ። አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ያንን ሁሉ ጥቁር ልብስ አዩ፤ መካከል ላይ ሁለት ሰው ደግፎት የሚያለቅሰውን ልጃቸውን አዩ። ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ማልቀስ ጀመሩ።

«ማን ነው? ማን ሞተብኝ ልጄ?» ድምፃቸው ሻክሯል፤ ጉሮሯቸውን አሟቸው ነበርና።

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየቆመ ሄደ። ከኋላ የነበሩት እናትየዋን ስላላዩ ትንሽ ቆዩ። እናትየዋ መልስ እየጠበቁ ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላው ያያሉ። ኃላፊነቱ የእትዬ ነበር፤ አልሸሹም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ።

«እርስዎ ነበሩ» አሉ።

ጓደኛዬ ከእጃችን ወጥቶ ሄደና እናቱን አቀፈ። ቀና ሲል የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«ጉሮሮሽ እንዴት ነው?»

«ተሽሎኛል» አሉት።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብርቱካኑን ከአቧራው ውስጥ አንድ በአንድ እየለቀመ በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ልንረዳው ስንል በእጁ ከለከለን። በቅያሱ ታች ድረስ የተንከባለለውን ራሱ ሄዶ አመጣ።

ቤት ገባን። ሴቶቹ ነጠላቸውን መለሱ። በየተራ እየጨበጥን እግዜር ይማርዎ አልናቸው። የስፖርት መምህሩ ግን ከአዳማ ጀምሮ በልቡ ሲያጠናው የመጣውን መመለስ አልቻለም፤ እጃቸውን ይዞ «ነፍስ ይማር» አላቸው።

«አሜን» አሉት።

ወንድሙ ከሱቁ እየሮጠ መጣ። ጎረቤት ደውሎ፣ ቤታችሁ ለቅሶ አለ ብሎት ነበር፤ ስለዚህ እሱም እያለቀሰ ነበር የመጣው። ከተረጋጋ በኋላ ጥያቄውን አንድ በአንድ አቀረብኩለት። ለምን ለእኔ ደወልክ? የወንድሙ ስልክ ዝግ ስለነበረ። ለምን ብቻውን እንዳትልከው አልክ?

«እማዬ ‹ያ የሚያስረዳው ልጅም ይምጣ› ስላለች ነዋ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ትንሽስ?» አልኩ።

«አሟታል ብቻ ብል ይደነግጣል ብዬ ነው። እና ምን ልበል? ሕመሙ ትንሽ ነዋ።»

እሱ ሕመሙን በማስመሪያ ለክቶ ነበር የነገረኝ። በዚያው ጠዋት ልዩነቱን ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ጓደኛዬ አየኝ። አፌን ዘጋሁት።

እናቱ መሀል ላይ ተቀምጠው ልጃቸው የላጠላቸውን ብርቱካን ይበሉ ነበር። ማን ምን እንደሚያስተምር ጠየቁ፣ ሁሉንም መረቁ። ከዚያ ደጅ ላይ ከሁሉ በፊት ድምፅ ያወጣችው የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ፈለጉ። የባዮሎጂ መምህርቷ አንገቷን ደፍታ እጇን አወጣች፤ እንደ ተማሪ።

«ጥሩ ነው» አሏት። «ሳልሰማው ሊያመልጠኝ ነበር።» አንድ ስንጣቂ ብርቱካን ሰጧት። «አለቃችሁስ አልመጡም?»

ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን ለመያዝ እንደቀሩ እትዬ ነገሯቸው።

«እንግዲህ አወቅናቸው» አሉ፤ ብርቱካናቸውንም ቀጠሉ።

ሳንበላ አልለቀቁንም። ጓደኛዬ እዚያው አደረ፤ እኛ ተመለስን። ሾፌሩ ከሻሸመኔ ወጥቶ ብዙ ሳይሄድ በመስተዋቱ አየን፣ ዘፈኑንም ከፈተ። ማንም አልከለከለውም።

ጓደኛዬ ሰኞ ሲመጣ አላነጋገረኝም። ማክሰኞም ጎን ለጎን በሮቻችንን ቆልፈን ለየብቻ ሄድን። እኔም ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ መምህራኑም ይህ ቅር ያላቸው አይመስሉም። ረቡዕ ለሻይ ስገባ «ሹር» እና «ሰርተን» እንዳሉ ነበሩ። እሱ ከፊታቸው ቆሞ ያያቸዋል።

«መቂ ላይ ‹ሹር ነኝ› ልትለኝ ትችል ነበር» አለኝ፣ ሳይዞር።

«እችል ነበር።»

«ብትለኝ ኖሮ ብርቱካኑን እዚያው እጥለው ነበር።»

ከዚያ ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን ራሱ ጠረገልኝ። «ሌላ ጻፍ» አለ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ዓርብ በሻይ ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሙ ነው። ከዚያ ቀን ትምህርት ወስዷል። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ድምፁ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

«እማዬ በጣም ደህና ናት» አለኝ። «ምንም፣ ምንም አልሆነችም። ሰላም ልልህ ብቻ ነው።»

ማንም ብርጭቆውን አላነሳም። የባዮሎጂ መምህርቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። የእትዬ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ነጠላቸው ሄደ።

ጓደኛዬ ተነስቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «ስጣት» አለ። «አሁን፣ ስልኩን ለራሷ ስጣት።»

ትንሽ ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ መጣ፤ ጉሮሯቸው ድኗል፤ ለምን እንደማይመጣና ለምን እንደከሳ ይጠይቃሉ። እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ስልኩን ለእትዬ አቀበለ። እትዬ ሰሙና ነጠላቸውን ለቀቁ፤ ለባዮሎጂ መምህርቷ አቀበሉ። እሷም ለስፖርት መምህሩ ሰጠችው። ስልኩ ክፍሉን እንዲህ ዞረ፤ ማንም በሌላው ጆሮ አላመነም። በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሰ።

«አንተ የምታስረዳው ነህ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«በል አስረዳቸው። አለሁ።»

አስረዳኋቸው።